ወና፣ ፍርስራሽና ባድማ፦ በፎገራ ሜዳና በዙሪያው የተተዉ ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ ስለ መመዝገብ

በብዙ የውጭ ቋንቋዎች «የተተወ ሕንፃ» በሚል አንድ ስያሜ የሚጠቃለለውን ነገር አማርኛ ቢያንስ በሦስት ቃላት ይለየዋል። ወና የሚባለው ግድግዳውና ጣሪያው እንደ ቆመ ነዋሪው የለቀቀው ቤት ነው። ፍርስራሽ ሕንፃውም አልፎ ድንጋይና አፈር ብቻ የቀረበት ነው። ባድማ ግን ከሁለቱም ይለያል። ቤቱ ይቁምም ይፍረስም፣ ባድማ የአባትና የእናት ስፍራ ነው፤ ርቆ የሚኖር ሰው እንኳ «ባድማዬ» ብሎ ይጠራዋል፤ ስለዚህ ባለቤት ባይኖረው አስታዋሽ አለው። ካሜራ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቀላሉ ይለያል። ሦስተኛውን ግን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን የሰው ትዝታ ሌንስ አይቀበለውም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የተተወ ሕንፃ ፎቶግራፍ ለታሪክ ጥናት ማስረጃ ሆኖ የሚያገለግለው ባድማነቱ አብሮ ሲመዘገብ ብቻ ነው የሚል ሲሆን፣ ክርክሩም በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ባሉ ስፍራዎች ላይ ተመሥርቶ ይቀርባል።

አካባቢው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡትና በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ማእከሉ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ የሚወጣው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። በሜዳው ዳርና ዳር፣ በከፍታ ቦታዎችና በወንዝ መሻገሪያዎች ላይ የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይና የኖራ ሥራዎች ይገኛሉ። በሜዳው ላይ ግን ዓይን የሚይዘው ፍርስራሽ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ አለመመጣጠን ራሱ ችግር ይፈጥራል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ወደሚታየው ይሳባልና በመጨረሻ የሚሰበሰበው የምስል ክምችት ታሪኩን የድንጋይ ታሪክ ብቻ አድርጎ ያቀርበዋል።

ከሚታየው እንጀምር። ከወረታ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው እንፍራዝ አካባቢ ሲደርስ ከመንገዱ በላይ በኮረብታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጣና የሰጠ ግንብ ያያል። ይህ ጉዛራ ነው። በማዕዘኖቹ ክብ ማማ ያለው፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ የያዘና ከምድር ቤቱ በላይ ደርብ የነበረው ሕንፃ ሲሆን፣ በተለምዶ የሚነገረው ዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) እንዳሠሩት ነው። ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉበት ከ1630ዎቹ በግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ የሚቀድም በመሆኑ፣ የጎንደር ግንቦች ቀዳሚ ምሳሌ ተደርጎ ይወሰዳል። በዓለም ቅርስ መዝገብም ብቻውን ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ አንዱ ክፍል ሆኖ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ጎብኚ ብዙ ነው፤ ከጎንደር ከተማ ርቆ በገጠር ኮረብታ ላይ የቆመ ግንብ ከከተማው ነገሥታት ግቢ ጋር በአንድ ስም መመዝገቡ ለማሰብ ያስቸግራል።

በጉዛራ ዙሪያ ያልተዘጋ የምሁራን ክርክር አለ፤ ፎቶግራፍም በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ አለው። በሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) በአገሩ የነበሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር ጸሐፍት ኖራን ለሕንፃ ማያያዣነት ማዋል በዚያው ንጉሥ ዘመን የታወቀ አዲስ ነገር አድርገው ይተርካሉ። የጉዛራ ግድግዳ ግን በኖራ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መቀበል ግድ ይሆናል፦ ወይ ጸሐፍቱ ከእነርሱ በፊት የነበረውን ሥራ አላወቁም ወይም ሊያውቁ አልፈለጉም፤ ወይ ደግሞ አሁን የምናየው ግንብ በከፊልም ቢሆን ከሠርፀ ድንግል በኋላ የተሠራ ወይም የታደሰ ነው። ግንበኞቹ እነማን ነበሩ የሚለውም እንዲሁ ክፍት ነው። ንጉሡ በ1570ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ቱርኮችን ድል ማድረጋቸውን ይዘው የቱርክ እጅ አለበት የሚሉ አሉ፤ ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችን፣ ፖርቱጋሎችን የሚጠቅሱም አሉ። የአገሬው ግንበኛ በእነዚህ መላምቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በመጨረሻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመርመር ከኮረብታው ሥር የተነሣ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ግንቡን ከሐይቁ ጋር የሚያሳይ ውብ ምስል ምንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ በጎን ብርሃን የተነሣ፣ መለኪያ የተቀመጠበት የድንጋይና የኖራ መጋጠሚያ ምስል ነው። ሁለት የግንባታ ዘመኖች ካሉ የሚታዩት በዚያ መስመር ላይ ነው፤ የኖራው ቀለም፣ የአሸዋው መጠን፣ የድንጋዩ አጠራረብ ይለያያል። እንዲህ ያለው ምስል ደግሞ ከጥገና በፊት መነሣት አለበት። ጥገና ሕንፃውን ያድናል፤ ነገር ግን አዲስ ኖራ በአሮጌው ላይ ሲለሰን መጋጠሚያው ይሸፈናል፤ ማስረጃውም ከዓይን ይሰወራል። ፈረንሳዮች ይህን ቀደም ብለው ተረድተውት ነበር። የታሪካዊ ሐውልቶች ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ1851 ባልዱስን፣ ለ ግሬንና ሌሎች ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ወደ ልዩ ልዩ ክፍለ አገሮች የላከው፣ የትኞቹ ሕንፃዎች እንደሚጠገኑ ከመወሰኑ በፊት ያሉበትን ሁኔታ ለመያዝ ነበር። ካሜራ ለቅርስ ሥራ በመንግሥት ደረጃ ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ከጉዛራ ማዶ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ያለው ፍርስራሽ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ስፍራው ማርያም ግንብ ይባላል፤ በአካባቢው አጠራርና በጎብኚዎች መጻሕፍት ዘንድ «የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት» ተብሎም ይታወቃል። በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውም በሱስንዮስ ስም፣ ማርያም ግንብ የሚለው ተጨማሪ ስያሜ ሆኖ ነው። የግንቡ ዋና ክፍል ግን በ1620ዎቹ በኢየሱሳውያን ማኅበር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። በፎቶግራፍ ሥር የሚጻፍ መግለጫ እንዲህ ያለውን አጠራር ያለ ማብራሪያ ሲደግም አንድ የአምልኮ ቤት ወደ ቤተ መንግሥት ይለወጣል። መግለጫው ሁለቱንም ስም ቢይዝ፣ የትኛው ከሰነድ የትኛው ከሕዝብ ትውስታ እንደመጣ ቢያመለክት ግን ሁለቱም ማስረጃ ይሆናሉ። ሕዝቡ ሕንፃውን ከኢየሱሳውያን ይልቅ ለንጉሡ መስጠቱ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው፤ የሃይማኖት ለውጡ ያስከተለው ደም መፋሰስ እንዴት እንደታሰበ፣ ምን ሊዘነጋ እንደተፈለገ ሊጠቁም ይችላል። የጎርጎራው ሕንፃ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየፈረሰ መምጣቱም የድሮ ምስሎቹን ዋጋ ከፍ አድርጎታል፤ ካለፈው ምዕት ዓመት አጋማሽ በፊት በተነሡት ላይ የሚታዩ የግድግዳና የቅስት ክፍሎች ዛሬ በቦታቸው የሉም።

እነዚህ የድሮ ምስሎች ከየት መጡ? የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር በስፋት በካሜራ የተያዘው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብረውት በነበሩ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ነው፤ ይሁን እንጂ መንገዳቸው በምሥራቅ በኩል ስለነበር የጣና ዳርቻ አልተካተተም። ለጣና አካባቢ ይበልጥ የሚጠቅሙት የ1930ዎቹ ሥራዎች ናቸው። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ሐይቁን ዙሪያውን ተጉዞ በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ ጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ቆይቶ ብዙ ሺህ ምስሎችን ወሰደ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የዳይኔሊ የጣና ጥናት ቡድን በ1937 መጣ፤ ሞንቲ ዴላ ኮርቴም በ1938 ስለ ጎንደር ግንቦች መጽሐፍ አወጣ። የእነዚህ ምስሎች ዓላማ ንጹሕ አልነበረም። ወራሪ ኃይል የፈረሰ ግንብ ሲያነሣ «ይህን ማቆየት ያልቻለ ሕዝብ» የሚል ዐረፍተ ነገር ምስሉ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ያም ሆኖ ኖራውና ድንጋዩ በምስሉ ላይ አለ፤ ሐሳቡን ትቶ ማስረጃውን መውሰድ ይቻላል።

ከምድር ብቻ አይደለም። የጣሊያን የጦር አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሣቸው ከስምንት ሺህ በላይ የሆኑ የአየር ፎቶግራፍ ስብስቦች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይነኩ ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ በቅርብ ዓመታት በተመራማሪዎች ተለይተው ለጥናት ውለዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችም አሉ። ስለ መሬት አጠቃቀም ለውጥ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በእነዚህ በሚገባ ተጠቅመዋል፤ የሕንፃ ታሪክ ተመራማሪዎች ግን እምብዛም አልተጠቀሙባቸውም። አንድ መንደር ወይም አጥር በ1957 አካባቢ ነበረ አልነበረም የሚለውን ለመወሰን ግን ከእነርሱ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

የድሮ ምስል ይዞ ወደ ቦታው መመለስና ከዚያው መቆሚያ ላይ ዳግም ማንሣት በአገራችን ፍሬ ያሳየ ዘዴ ነው። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የ1868ቱን የእንግሊዝ ጦር ምስሎች ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይም በትግራይ፣ ያንኑ መልክዓ ምድር ከ140 ዓመት በኋላ መልሰው አንሥተዋል። በ2009 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፤ በብዙ ቦታ ላይ ዛፉና የአፈር ጥበቃው ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ከነበረው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለው የተለመደ አነጋገር በምስል ተፈተነ። ለሕንፃም ዘዴው ያው ነው። አንሺው በምስሉ ላይ ቅርብ ያለውን ነገር፣ ለምሳሌ የመስኮት ጠርዝ፣ ከሩቁ ተራራ ጫፍ ጋር እስኪገጣጠም ድረስ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የቀድሞው አንሺ የቆመበት ነጥብ ላይ ደርሷል ማለት ነው። በፎገራ ዙሪያ ግን አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በነሐሴ ውሃ የሸፈነው ማሳና በየካቲት ተሰነጣጥቆ የሚታየው ማሳ የአንድ አገር አይመስሉም። ወቅቱን ያልጠበቀ ንጽጽር ያልደረሰ ለውጥ ያሳያል።

እስካሁን የተነሡት ምስሎች ሰው የሌለባቸው ናቸው። ይህ የተተዉ ሕንፃዎችን ማንሣት እንደ ጥበብ ከተስፋፋበት ልማድ የመጣ ነው። በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፋብሪካዎችና ቲያትሮች ወና ከሆኑ በኋላ በዓለም የታወቁ ምስሎች ተነሥተውባቸዋል፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ከተማዋ ባዶ የሆነች ያህል ተቆጠረች ብለው ክፉኛ ተቃውመዋል። በእኛ አገር ሰው አልባ ምስል ከዚያ የባሰ ውሸት ነው፤ ምክንያቱም ፍርስራሽ አጠገብ ከብት የሚያግድ ልጅ፣ ከድንጋዩ ጥላ ሥር የሚያርፍ መንገደኛ፣ በአጥሩ ውስጥ የሚያርስ ገበሬ የማይገኝበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ አንሺዎች እነዚህ ሰዎች ከእይታ እስኪወጡ ይጠብቃሉ።

ተቃራኒውን የሚያሳይ ምሳሌ በደቡብ ጎንደር ዞን ደቡባዊ ዳርቻ ይገኛል። ከፎገራ በስተደቡብ፣ ዓባይ ጎጃምንና በጌምድርን በሚለይበት ገደል ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል የድንጋይ ሥራ አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ገደማ ሰዎች የሚሻገሩት በገመድ ነበር፤ ከሁለቱ ወገን የቆሙ ጎልማሶች ገመዱን ወጥረው ይይዙና ተሻጋሪውን ከወንዙ በላይ በአየር ላይ ይጎትቱታል። ይህን የሚያሳይ ምስል በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ምስሉን በአጋጣሚ ያየው አሜሪካዊው የሕንፃ ተቋራጭ ኬን ፍራንትዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ የተሰበረውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት አስጠገነው፤ በኋላም ጎርፍ የብረቱን ሥራ ሲጠርገው በሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ስለዚህ ምስል ሁለት ነገር ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ ያንኑ ስባሪ ቅስት ሰው ሳይኖርበት ያነሣ ሰው ቢኖር የሚያምር ፍርስራሽ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ገመዱን የያዙት እጆች ግን ስብራቱ በየቀኑ ምን እንደሚያስከፍል አሳዩ። የተተወው ድልድይ እንጂ መሻገሪያው እንዳልነበረ ከምስሉ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ድልድዩን ማን፣ ለምን፣ በየትኛው ቀን እንደሰበረው አይናገርም። ጠላት እንዳይሻገር ለማገድ ነውን? በጊዜው የነበሩት ሰዎች ስብራቱን እንደ ጀግንነት ያስቡት ነበር ወይስ እንደ ጥፋት? በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ ከሁለቱ ወገን ዳርቻ የሚኖሩ ሽማግሌዎች የሚሰጡት ትረካ ተመሳሳይ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ልዩነቱ ራሱ መመዝገብ አለበት። በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ያዩት ምስል እንኳ ይህን ታሪክ ሳይነካው አለፈ።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። የፎገራ ሜዳ ፍርስራሽ የማያስቀምጥበት ምክንያት ታሪክ ስላልነበረው አይደለም። የነገሥታቱ ከተማ ራሱ ለረጅም ዘመን ድንኳን ነበር፤ እንፍራዝና አካባቢው ነገሥታት ክረምት የሚያሳልፉባቸው ስፍራዎች የነበሩ ቢሆንም፣ ሠፈሩ ሲነሣ የሚቀረው የእሳት ጥቁረትና የእንስሳት አጥንት ነው። ሌላው ምክንያት አፈሩ ነው። የሜዳው ዋልካ አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚህ መተንፈስ መሠረትን ያናውጣል። የጭቃና የእንጨት ቤት ነዋሪው ሲለቀው በተወሰነ ሥርዓት ይጠፋል፦ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ቀጥሎ በሩና መስኮቱ፣ ከዚያ ማገሩና ምሰሶው ይወሰዳል፤ ምርጉ ግን በሁለት ወይም በሦስት ክረምት ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። ወና ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፤ ፍርስራሽ ሆኖ የሚቆይበት ከዚያም ያጠረ። ባድማ ሆኖ ግን ለትውልድ ይቆያል።

በዚህ ረገድ የፎገራ ሩዝ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም የሚገኘው እዚሁ ፎገራ ነው። ሩዝ በሜዳው ላይ የተለመደው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ድጋፍ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበራቱ መጋዘን፣ ጽሕፈት ቤት፣ የስብሰባ ቦታ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና አባላት እንዲወጡ ሲፈቀድ፣ በአገሪቱ ውስጥ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። በብዙ ቦታ ንብረቱን አባላቱ ተካፈሉት፤ ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ያገኘው ሰው ቤቱን ከደነው። ሩዙ ግን ቀጠለ። በሜዳው ላይ ለረጅም ጊዜ በስፋት የተዘራው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ የስፍራው ስም በዘሩ ስም ውስጥ ቀርቷል።

የጉዛራን ኖራ የሚያጠና ተማሪ ብዙ ነው፤ የእነዚህን ማኅበራት መጋዘን መሠረት ፈልጎ የሚያነሣ ግን ብርቅ ነው። ዘመኑ ቅርብ ስለሆነ ታሪክ አይመስልም፤ ሕንፃው ተራ ስለሆነ ፎቶግራፍ አይጋብዝም፤ ትዝታው ደግሞ ለብዙዎች የተደበላለቀ ነው፤ በሥራ ነጥብ የሚከፈልበት፣ መሬት በአንድ ላይ የሚታረስበት ጊዜ ለአንዱ የግዴታ ዘመን ሲሆን ለሌላው የትራክተርና የአዲስ እህል ዘመን ነው። እንደ እኔ ግምት ለፎገራ የዘመናዊ ታሪክ ጥናት ከሠርፀ ድንግል ግንብ ይልቅ አስቸኳይ የሆነው ይህ ነው። ግንቡ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ጥበቃም ስም አለው። መጋዘኑ የቆመበትን ማዕዘን በእጁ የሚያሳይ ሰው ግን ዕድሜ ይገድበዋል።

በዚህ ዓይነት ስፍራ ካሜራው የሚያነሣው ምንድን ነው? አንደኛው መልስ ቁሳቁሱ የሄደበትን መከተል ነው። የመጋዘኑ ብረት በር ዛሬ በየትኛው ግቢ ይገኛል? የመሠረት ድንጋዩ በየትኛው አጥር ውስጥ ገብቷል? እነዚህ በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ሲነሡና በካርታ ላይ ሲሰፍሩ አንድ ሕንፃ እንዴት ወደ ሃያ ቤቶች እንደተበተነ ያሳያሉ። ሌላው መልስ ባዶውን መሬት ማንሣት ነው፤ ሽማግሌው ቆመው በሚያመለክቱበት አቅጣጫ፣ የእጃቸውን አመልካችነት ጨምሮ። ምስሉ ለማያውቅ ሰው የሩዝ ማሳ ብቻ ነው፤ ከድምፅ ቅጂው ጋር ሲያያዝ ግን የሕንፃ ፕላን ይሆናል።

ስለ መሣሪያው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣው ምስል ለአብዛኛው ዓላማ ይበቃል። ግድግዳ በሦስት አቅጣጫ መለኪያ እንዲታይ በፎቶግራሜትሪ ለመሥራት የተፈለገ እንደሆነ ተከታታይ ምስሎቹ ቢያንስ ከግማሽ በላይ እርስ በርሳቸው መደራረብ አለባቸው፤ ብርሃኑም በመካከል እንዳይለወጥ ደመናማ ቀን ይመረጣል። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የቀን ጉዳይ ነው። ካሜራው በምስሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፤ ተራኪው የሚናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ይልቁንም «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «በሰባ ሰባት ድርቅ»፣ «ማኅበሩ በፈረሰ ማግሥት» በሚል ነው። ተመራማሪው ሁለቱን በማስታወሻው ላይ ሳያጣጣም ቢቀላቅላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባል፤ በ1966ና በ1983 ዓ.ም. መካከል ላለ ታሪክ ደግሞ ይህ ስሕተት አንድን ሕንፃ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል። የተራኪው አነጋገር እንዳለ ይጻፍ፤ የተመራማሪው ስሌት በጎኑ ይቀመጥ።

ምስሉን ይዞ ወደ ተራኪው መመለስም ከቃለ መጠይቅ ብቻ የማይገኘውን ያወጣል። «ግንቡ ምን ነበር?» ተብለው የተጠየቁ አረጋዊ ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ሁሉም የሚያውቀውን ነው፤ ግራኝ አፈረሰው፣ ፖርቱጋሎች ሠሩት ይባላል። የታተመ ምስል በእጃቸው ሲገባ ግን ጣታቸው ከግንቡ ወጥቶ ወደ ጥግ ይሄዳል፦ እዚህ ዋርካ ነበር፣ ከዚህ ሥር ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር፣ ያ ማሳ የእነ እገሌ ነበር። እናቶች የሚጠቁሙት ደግሞ ከአባቶች ይለያል፤ ውሃ የሚቀዳበትን፣ እህል የሚሰጣበትን ያሳያሉ። ስለዚህ ከሁለቱም መሰብሰብ ይገባል፤ በቤቱ ባለቤት ፊት ብቻ ተጠይቀው እንዲመልሱ ማድረግም አይበቃም።

ፈቃድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥናትና ፍለጋ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር፣ ስፍራው በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ከሆነ ደግሞ አስተዳዳሪውና ካህናቱ አሉ። ከወረቀቱ በላይ የሚከብደው ግን ጥርጣሬው ነው። ፍርስራሽ የሚለካና የሚያነሣ እንግዳ በብዙ ቦታ የተቀበረ ወርቅ ፈላጊ ተደርጎ ይታያል፤ ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም፤ ወርቅ እናገኛለን በሚሉ ሰዎች የተቆፈሩ መቃብሮችና መሠረቶች አሉ። በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ድልድይ፣ መጋዘን ወይም ከፍታ ቦታ የሚያነሣ ሰው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ያስተናገደው ገበሬም አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ ጥበቃ የሌለው ስፍራ ትክክለኛ መገኛ በጥናቱ መዝገብ ውስጥ ይያዝ እንጂ ለሕዝብ በሚቀርበው ምስል ላይ አይቀመጥ፤ የእጅ ስልኮች መገኛውን በፋይሉ ውስጥ በራሳቸው ስለሚጽፉም ከመሠራጨቱ በፊት መጥፋት አለበት። የተራኪዎች ፊትና ስም የሚወጣውም ምን እንደሚከተል ተረድተው ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

የቀረው የማስቀመጫ ጉዳይ ነው። በአሁኑ ጊዜ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚነሡ ምስሎች አብዛኞቹ በጽሑፉ ውስጥ ከሚገቡት ጥቂቶች በቀር በተማሪው ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይቀራሉ፤ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። የትምህርት ክፍሎች ከጽሑፉ ቅጂ ጋር ሙሉውን የምስል ስብስብ፣ ቀኑን፣ የቆሙበትን ነጥብ፣ አቅጣጫውንና የተራኪውን የድምፅ ቅጂ ጨምረው ቢቀበሉ ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ቅጂ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንድ የታተመ ምስል ደግሞ ለተራኪው ሊሰጥ ይገባል። ለጅግናና ለሻጋ ይህን ሥራ የሚጀምር ተማሪ ቢገኝ፣ ማኅበራቱ ሩዝ መዝራት ሲጀምሩ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰማንያ ዓመት እየተጠጋው ወይም አልፎት እንደሚያገኘው አስቦ የመስክ ጊዜውን ይምረጥ፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ውሃው መንገዱን ሳይዘጋና ማሳው ሳይሸፈን ቢሆን ይመረጣል።